ስልሳ አራቱ ብሎኖች

ሰኞ፣ 4

ጀልባዋ ዛሬ ግቢዬ ገባች። ስድስት ሰው ገፍቶ፣ አንድ ሰው ቆሞ እየጮኸ። ቆሞ የጮኸው እኔ ነኝ። ከወርክሾፔ ጀርባ፣ የቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ የእንጨት ድጋፍ ላይ አስቀመጥናት።

ኋላ እንዳይምታታብኝ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። የእህቴ ባል፣ ሰው ሁሉ ካፒቴን የሚለው፣ በዚህች አሮጌ የፋይበር ጀልባ ሰው ከሐይቁ ወዲህና ወዲያ ያሻግራል። ባለፈው ሳምንት ሐይቁ መሃል ላይ አንዲት ነርስ ከመቀመጫዋ ስትነሳ ወለሉ ተበሳና እግሯ እስከ ጉልበቷ ገባ። ከጎኗ አራስ ልጅ የታቀፈች እናት ነበረች። ማንም አልተጎዳም። ተቆጣጣሪው ግን ጀልባዋን አገደ። ውስጧን ሙሉ በሙሉ አድሳችሁ በመጪው ወር አሥራ ስምንት አሳዩኝ፣ ካልሆነ መስመሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብሏል። ሌላው ሰው ደግሞ አለ፣ አሰፍስፎ እየጠበቀ ነው። ካፒቴን ከጀልባ በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም።

"ጋሼ፣ አንተ ካለህ ምን እሰጋለሁ" አለች እህቴ።

እኔ የበርና የቁም ሣጥን አናጢ ነኝ። ቢሆንም እሺ አልኳት። እምቢ ማለት አልችልም ነበር።

ማክሰኞ፣ 5

መቀመጫዎቹ ተፈቱ። ወለሉን በመዶሻ እጀታ ከፊት ጀምሬ እየመታሁ ወደ ኋላ ሄድኩ። ፊት ፊቱ ኳ ኳ ይላል። ከመሃል በኋላ ድፍ ድፍ። ድፍ ካለ ውስጡ የለም ማለት ነው።

የሞተር ጩኸት የካፒቴንን ጆሮ አዳክሞታል። እኔ ስመታ እሱ አጠገቡ መዳፉን ያሳርፍና በእጁ ያዳምጣል። "እዚህ ጋ ሞቷል" ይላል። ሦስት ጊዜ ተከራከርኩት፣ ሦስቴም እሱ ልክ ነበር።

ሐሙስ፣ 7

ወለሉ ተቆርጦ ወጣ። ሽታው ልብስ ላይ ቀርቷል፣ ባለቤቴ በር ላይ አስወለቀችኝ።

ከወለሉ ሥር ከፊት እስከ ኋላ ሁለት ወፋፍራም እንጨቶች ተጋድመዋል፣ በፋይበር ተሸፍነው። እኔ ወራጅ እላቸዋለሁ፣ የቤት ጣሪያ እንደሚሸከሙት። ጀልባዋን ቀጥ አድርገው የያዟት እነሱ ናቸው። የፋይበሩን ሽፋን ስከፍተው እንጨቱ እንደ ራሰ ዳቦ በእፍኝ ተዘገነ። መሮ እንኳን አላስፈለገም።

ውሃው የገባው በወለሉ ብሎኖች በኩል ነው። ወለሉን ያሰረው ሰው ብሎኑን በፋይበሩ አሳልፎ ወራጁ ውስጥ አስገብቶታል፣ ቀዳዳውን ግን በምንም አልደፈነውም። አንድ አንድ ጠብታ ሬዚን፣ ደርቆ ድንጋይ የሚሆነው ሙጫ፣ ይበቃው ነበር። የችኮላ ሥራ ነው።

ካፒቴን የዛገውን ሁሉ እየነቀለ ጣሳ ውስጥ ከተተው። "ስልሳ አራት" አለ።

እህቴ ምሳ ይዛ መጣችና ጣሳውን አየች። "ይሄ የማን ጉድ ነው?"

"የፋብሪካው ነው" አልኩ። ፋብሪካ ስንት ነገር ያበላሻል።

ካፒቴን ቀና ብሎ አየኝ። "ይሆናል" አለ።

ከተቆረጠው ወለል አንዱን ቁራጭ ለብቻ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩት። ለሌላ ሥራ ይጠቅመኛል።

ቅዳሜ፣ 9

እህቴ ዛሬ በባሏ ላይ ወረደችበት። እኔ እያለሁ፣ ግቢዬ ውስጥ።

"ሸራ አልብሳት አላልኩህም? ሁለት ወር ሙሉ ዝናብ ሲወርድባት አንተ እናትህ ዘንድ ተቀምጠህ! ያቺ አራስ ልጅ ብትሰጥም ምን ልትል ነበር?"

ባለፈው ክረምት እናቱ ታመው ነበር። ይህን እሷም ታውቃለች።

"ልክ ነሽ" አለ።

ዝናብ ብቻውን ይህን አያደርግም ልል ነበር። ግን መሮ እየሳልኩ ነበር፣ መሳያውም ይጮኻል። መሮው ለነገሩ ጠዋት የተሳለ ነበር።

ሰኞ፣ 11

ባለቤቴ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያስቀመጥኩትን ቁራጭ አገኘችው።

"ይሄ የበሰበሰ ነገር ምን ሊሆንህ ነው? ቤቱን አሸተተው እኮ።"

"ሥራ አለው።"

"የምን ሥራ?"

"የሥራ ሥራ።"

አንገቷን ነቀነቀች። ገልብጣ አላየችውም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሬው ነበር።

ረቡዕ፣ 13

ለአንድ ጀልባ ጠጋኝ ደወልኩ። "ሁለቱን ወራጅ ባንዴ እንዳታወጣ" አለኝ። "ካወጣህ የጀልባዋ ቅርፊት ይዘረጠጣል። ከዚያ በኋላ የምትሠራው ጀልባ ሳይሆን የከብት ገንዳ ነው።"

ስለዚህ አንድ በአንድ ነው። ከታች ድጋፎቹን አበዛሁ፣ ከጫፍ ጫፍ ሲባጎ ወጠርኩ፣ በየሁለት ስንዝሩ ከሲባጎው እስከ ታች ለክቼ ጻፍኩ። ቀኑ በመለካት አለቀ። እህቴ በአጥር በኩል ብቅ ብላ "እስካሁን ምንም አልተሠራም?" አለች። ለካሁ አልኳት። "ለክቶ መዋል ሥራ ነው?" አለች።

ሥራ ነው።

ዓርብ፣ 15

ከባሏ ጋር መነጋገር አቁማለች። ምሳ ስታመጣ ካፒቴን ከእሷ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል። እሷ እኔን እያየች፣ "ጋሼ፣ ለካፒቴኑ ምሳው ቀርቧል በለው።"

"ምሳህ ቀርቧል" አልኩት።

"አመሰግናለሁ በልልኝ።"

"ያመሰግናል።"

"ጨው ካነሰው እዚያው ነው በለው።"

በስልሳ ዓመቴ ፖስተኛ ሆንኩ። ስቄያለሁ፣ እነሱ ግን አልሳቁም።

እሁድ፣ 17

ብሩሽ ልገዛ ወደቡ አጠገብ ወዳለው ሱቅ ሄጄ ነበር። ሁለት ዓሣ አጥማጆች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያወራሉ።

"ያ አናጢ አማቹ ለሠርጉ የሠራለት ወለል ባይሆን እኮ ድሮ ሰጥማ ነበር።"

"የአናጢውማ እጁ ወርቅ ነው። ዝናብ ያስበላት ሰውየው ነው።"

ብሩሹን ሳልገዛ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ ልጻፈው፣ ደብተር ሰው አይደለም። ወለሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ለሠርጋቸው ስጦታ። ይህን እህቴም ታውቃለች፣ ብሎኖቹ ግን ከድሮው የፋብሪካ ሥራ የቀሩ መስለዋታል። አሮጌው ወለል ተነስቶ አዲስ ሊገባ ነበር። ሙሽሮቹ ቅዳሜ በዚያች ጀልባ ሊሻገሩ ስለነበር ሦስት ቀን ብቻ ነው ያገኘሁት። በሬዚን ላጣብቀው፣ አንድ ሳምንት ስጡኝ ብያለሁ። እህቴ "ከቅዳሜ ካለፈ ምን ያደርግልኛል" አለች። ስለዚህ በብሎን መታሁት። ቀዳዳውን ኋላ እደፍነዋለሁ ብዬ ነበር። ሠርግ መጣ፣ ሠርግ አለፈ፣ ወለሉ ላይ ቀለም ተቀባ፣ ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። ኋላ የሚባለው ቀን አልመጣም።

ቤት ያስቀመጥኩት ቁራጭም ይኸው ነው። በሠራሁት ዕቃ ሁሉ ከማይታየው ፊት ላይ ቀንና አንድ ቃል በእርሳስ መጻፍ ልማዴ ነው። ስንት ሰው ቤት ያለው ቁም ሣጥን ከጀርባው የእኔ ምርቃት እንዳለበት ባለቤቱ አያውቅም። በዚህኛው ላይ ያለው "ለእህቴና ለባሏ፤ ዘመናችሁ እንደዚህ ወለል የጸና ይሁን" የሚል ነው። እርሳሱ አልጠፋም። እንጨቱ በስብሶ ጽሑፉ ደህና ነው።

እነግራቸዋለሁ። የቀኙ ወራጅ ይግባና።

ረቡዕ፣ 20

የቀኙ ወራጅ ገባ። ደረቅ እንጨት፣ ዙሪያውን ሬዚን የጠጣ፣ ከሥሩ ወፍራም የሬዚን ልስን፣ ከላይ ሦስት ድርብ ፋይበር። ካፒቴን በሮለር አረፋውን እያስወጣ ይከተለኛል። ሳልጠይቀው መቀሱ እጄ ላይ ነው፣ ሳልጠይቀው ጨርቁ። ድሮም እንዲህ ነው፣ ዕቃ ማቀበል ያውቅበታል።

ሲባጎውን ለካሁ። አንድ ሚሊ እንኳን አልተዛነፈም። ደስ ብሎኛል።

አልነገርኳቸውም። ጥሩ ቀን ነበር፣ ለምን አበላሸዋለሁ ብዬ ነው።

ቅዳሜ፣ 23

እህቴ ብቻዋን መጣች። ተቀምጣ አታውቅም፣ ዛሬ ግን በርሜሉ ላይ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ተቆጣጣሪው አይቷት ይለፍ፣ ከዚያ ሻንጣዬን ይዤ እናንተ ጋ እመጣለሁ።"

"ለስንት ቀን?"

"አላውቅም። ሰው በባሌ ላይ ጣቱን ሲቀስር እኔ ነኝ በገበያ የማልፈው። እሺ፣ ሸራውን ረሳ። ሰው ይረሳል። ግን አንድ ነገር ብናገረው እንኳን 'ልክ ነሽ' ብቻ። እኔ ግድግዳ አይደለም ያገባሁት።"

"ቤቴ ቤትሽ ነው" አልኳት።

ሌላ ምን ይባላል? ይባላል፣ አውቃለሁ ምን እንደሚባል። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ደግሞ አይኗን ጠርጋ "አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር" አለች፣ ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ?

ሰኞ፣ 25

የግራው ወራጅ። እጄ ይሠራል፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው። ሸፈንነው። ደክሞኛል።

ማክሰኞ፣ 26

መሃሉ ላይ፣ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆነው አሁንም ይጣበቃል። ብርድ ስለሆነ ነው። ነገ ይደርቃል።

ረቡዕ፣ 27

አምፖል አንጠልጥዬ አሞቅሁት። ነገ ይደርቃል።

ሐሙስ፣ 28

ይጣበቃል። ካፒቴን መዳፉን አሳርፎ ሲያነሳ እንደ ማር ክር እየሳበ መጣ።

"ማጠንከሪያውን ጨምረህበታል?"

"ጨምሬያለሁ።"

ሄጄ ጠርሙሱን አየሁት። በየድብልቁ መስመር አሰምርበታለሁ። አንድ መስመር ይጎድላል። ሬዚን ማጠንከሪያ ካልገባበት ዓመት ቢቆይ አይደርቅም፣ ይህን፣ እንኳን አናጢ፣ ቀለም ቀቢም ያውቃል።

ተመልሼ "ከላዩ ሌላ ድርብ ብንጨምርበትስ?" አልኩት። "ወለል ይዘጋበታል፣ ማንም አያየውም።"

"አንተ ካልክ" አለ ካፒቴን።

አንተ ካልክ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ 30

ባለቤቴ ኮቴን ይዛ ተቀምጣለች። ባለፈው ጊዜ አጣድፌ ያስተከልኳት ቁልፍ ተበጥሷል። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አለች፣ ስለ ቁልፉ።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ብሎኑን፣ ሠርጉን፣ ፋብሪካው ነው ማለቴን። ተነስቼ ቁራጩን ገልብጬ አሳየኋት። አነበበችው። ትስቃለች ወይ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ለእኔ ምን ያደርግልኛል?" አለች። "እኔ ሰውየውን አልሰደብኩት።"

ኮቱን መስፋቷን ቀጠለች።

እሁድ፣ 1

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ወራጁን ያየ ሰው እንዲህ አይልም።

የማይደርቀውን በሙሉ እየቧጨርኩ አወጣሁ። ጓንቱ ተጣብቆ ቀረ። ካፒቴን ምን ልታደርግ ነው ብሎ አልጠየቀኝም፣ ሌላ መቧጨሪያ አንስቶ ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረ። ማታ መሃል ላይ ተገናኘን።

"ማጠንከሪያውን ረስቼው ነው" አልኩት።

"አውቄያለሁ" አለ።

ሌላም ልነግረው አፌን ከፈትኩ። መጀመሪያ ለእህቴ ነው መንገር ያለብኝ ብዬ ዘጋሁት። ይህ ግን ሰበብ አይደለም። ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ 4

በአዲስ ሸፈንነው። ማጠንከሪያውን በሐኪም መርፌ ለክቼ፣ ጮክ ብዬ ቆጥሬ። ጠዋት መታሁት፣ ኳ አለ። ካፒቴን መዳፉን አሳረፈና ራሱን ነቀነቀ።

ሐሙስ፣ 5

ዛሬ ነገርኳት። እንዳለ ልጻፈው።

ቁራጩን በጋዜጣ ጠቅልዬ እህቴ ወደምትሰፋበት ሱቅ ሄድኩ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ዙሪያዋ የተማሪ ልብስ ነው። አፏ ውስጥ አራት መርፌ ይዛለች። "ጋሼ፣ ሰላም ነው?" አለች በመርፌዎቹ መሃል። ጋዜጣውን ፈትቼ ቁራጩን ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩላት።

"የወለሉ ሥር ነው" አልኳት። "ወራጁን ያበሰበሰው ዝናቡ አይደለም። የእኔ ብሎኖች ናቸው። ፋብሪካው ያልኩት ውሸቴን ነው።"

አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የመርፌ መሰኪያው ትራስ ላይ ሰካች፣ በጣም ቀስ ብላ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ይህችን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ አሳድጌያለሁ፣ ፊቷን ማየት አቃተኝ።

"ስንት ቀን ሆነህ ካወቅክ?"

"ወለሉ ከወጣ ጀምሮ። አንድ ወር ሊሞላው ነው።"

"አንድ ወር ሙሉ ስሰድበው ቆመህ ታያለህ?"

"አዎ።"

"መሮህን እየሳልክ።"

"አዎ።"

ማሽኑን ዘጋች። ቁራጩን በብብቷ ይዛ ከፊቴ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት። መንገዱን ሁሉ አልዞረችም። ግቢዬ ስንደርስ ካፒቴን ጀልባዋ ውስጥ ተንበርክኮ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል። እላዩ ላይ ቆመች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አናገረችው።

"ብሎኖቹ የጋሼ መሆናቸውን ታውቅ ነበር?"

ቁራጩን አየው። ጽሑፉን አይቶት አያውቅም፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። ከዚያ ሱሪውን አራግፎ ተነሳ።

"ብሎኑን ሲያስር ያቀበልኩት እኔ ነኝ" አለ። "ስልሳ አራቱንም።"

እንዴት ረሳሁት? አጠገቤ ተንበርክኮ፣ ሙሽራ ሊሆን ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በአፉ እየቆጠረ ሲያቀብለኝ ነበር። ፋብሪካው ነው ስል ጣሳውን የያዘው ይኸው ሰው ነው። "ይሆናል" ያለኝም እሱ ነው።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?" አለች እህቴ። ድምፅዋ ተሰበረ። "እንደዚያ ስሰድብህ፣ ለምን አንድ ቃል አትናገርም?"

ካፒቴን እኔን አየ፣ ከዚያ እሷን።

"ስጦታ ነዋ። የሰጠ ሰው ይወቀሳል?" አለ።

እህቴ በርሜሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እሱ አጠገቧ ቆሞ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት፣ በመጨረሻ ራሷ ላይ አሳረፈው፣ እንጨት እንደሚያዳምጠው። እኔ ወደ ወርክሾፕ ገባሁ። የምሠራው ሥራ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ 7

እህቴ እኔን አታናግረኝም። ምሳ ስታመጣ፣ "ለአናጢው ምሳው ቀርቧል በለው" አለችው ባሏን።

"ምሳህ ቀርቧል" አለኝ ካፒቴን። ግን ሳቅ ሊያመልጠው ነው።

ይገባኛል።

ማክሰኞ፣ 10

የብሩሹ ሱቅ ተመልሼ ሄድኩ። ዓሣ አጥማጆቹ እዚያው ናቸው። ወለሉ የእኔ እንደነበር፣ ያበሰበሳትም ብሎኖቼ እንጂ ዝናብ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። አንዱ "እንዴ፣ አንተ ነህ እንዴ አናጢው?" አለ። ሌላው ተሽኮረመመ። ብሩሽ ገዝቼ መጣሁ።

ሰኞ፣ 16

ተቆጣጣሪው ወለሉ ሳይዘጋ ላያት ብሎ ሁለት ቀን ቀድሞ መጣ። መዶሻ ይዟል፣ እንደኔው። ቅጹ ላይ እየጻፈ ጠየቀ።

"ያለፈውን ወለል ማን ነው የሠራው?"

"እኔ።"

"የአሁኑንስ?"

"እኔ።"

እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና መዶሻውን አነሳ። ሁለቱን ወራጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ መታ፣ ተመልሶ ደግሞ መታ። ግራው መሃል ላይ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። ኳ። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ጠረጠረ፣ ካፒቴን "መዳፍህን አሳርፍ" አለው። አሳረፈ። ከዚያ ፈረመ። ሃያ ላይ ሰው ማሻገር ትችላላችሁ አለ።

ካፒቴን አመስግኖ እስከ በሩ ሸኘው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ አቧራ ነው አለ።

ማክሰኞ፣ 17

ወለሉ ዛሬ ይዘጋል። በዚህኛው አንድም ብሎን የለም፣ ሬዚንና ፋይበር ብቻ። አዲሱን ፕላይውድ ገልብጬ ከማይታየው ፊት ላይ ቀኑን ጻፍኩ። ሌላ ቃል ልጨምር አሰብኩ፣ ምርቃት መጻፍ ግን እጄ ፈራ።

እህቴ ከኋላዬ መጥታ ቆማለች። አልሰማኋትም።

"እርሳሱን" አለችኝ። ለእኔ ነው፣ በቀጥታ።

ሰጠኋት። ተንበርክካ፣ የልብስ ልክ እንደምትጽፍ በትልልቅ ፊደል ጻፈች። ቀዳዳውን ያልደፈንኩት እኔ ነኝ፣ ያቀበለኝ እሱ ነው፣ ቅዳሜ ይድረስልኝ ያለችው እሷ ናት፣ ይህን ሁሉ ቆጥራዋለች ማለት ነው። የጻፈችው ይህን ነው፤

"ከበሰበሰ የሦስታችን ነው።"

ካፒቴን በመዳፉ ጽሑፉን ዳሰሰው። "እንዳይደበዝዝ ሬዚን ይቀባ" አለ። ማጠንከሪያውን ራሱ ለክቶ ጨመረ፣ እኔ ቆጠርኩለት። ከዚያ ሦስታችንም ጫፍ ጫፉን ይዘን ገለበጥነውና ዘጋነው።